አጎቴ ስለ መንደራችን የመሰከሩት

አጎቴን ባለፈው ጾም ቀበርናቸው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ አሳምሬ መጻፍ አልችልም፤ እሳቸውንም ላሳምራቸው አልፈልግም።

በመንደራችን በየካ አንድ ሰው “ይህ የእኔ ነው” ካለ፣ በሠርግ ቤትም ቢሆን፣ አጎቴ “ከአንተ በፊትስ?” ይሉ ነበር። የመንደራችንን ታሪክም ወደ ኋላ ነበር የሚያወሩት፤ ከአባቶቻችን በፊት ከብት አርቢዎች፣ ከእነሱ በፊት ተራራው ላይ ያለውን ዋሻ የፈለፈሉት፣ ከእነሱ በፊት ጥድና ጅብ።

ንጉሡ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ለወታደሮቹ መሬት ይፈለግ ጀመር። የንጉሡ ዳኛ መጥተው አጎቴን ለምስክርነት አስቆሟቸው። እኔም በጆሯቸው፣ “አጎቴ፣ ዛሬ እንኳ ከጥንት የእኛ ነው ይበሉ” አልኳቸው።

“ከጥንት የእናንተ ነው?” አሉ ዳኛው።

“አይደለም። አያቴ መጥቶ ነው የሰፈረው። ሰዎች ነበሩበት።”

“እንግዲያ መምጣትን ታውቁበታላችሁ። ለእነዚህም ጠጋ በሉላቸው።”

ወታደሮቹ ሳቁ። ከመሬታችን ምንጩ ያለበትን ወገን ወሰዱት። ሚስቴ እስከ ዛሬ ውሃ የምትቀዳው ለምና ነው።

አንድ ቀን አጎቴ፣ “ብዋሽ ኖሮ ምንጩ ይቀርልን ነበር?” አሉኝ።

“ይቀርልን ነበር።”

“እሱስ እውነትህን ነው” አሉ። ይቅር አላልኳቸውም።

መቃብራቸውን ስንቆፍር ከሥር የሰው አጥንት ወጣ። ቆፋሪው ዶማውን አቁሞ “የማን ነው?” አለ። መልሱን የሚያውቁት አጎቴ በሰሌን ተጠቅልለው አጠገባችን ተኝተዋል። አጥንቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገን አጎቴን አስገባናቸው።