በሞረድ የተቆረጠው ጓጉንቸር

አባቴ በድሮው ግቢያችን እርሻ ላይ የጠፋባቸውን ማረሻ ልፈልግላቸው ብዬ ከጓደኛዬ ብረት የሚያስስ ዲቴክተር ተውሼ ቡሬ ገጠር ወረድኩ። ጓደኛዬ ወርቅ ይፈልግበታል፤ እኔ ማረሻም አላገኘሁበትም። ግማሽ ቀን ሲጮህብኝ ውሎ ያወጣሁት አንድ የዛገ ጓጉንቸር ነው፤ እንደተቆለፈ ቀለበቱ የተቆረጠ።

ሁለት ቀን ላምባ ውስጥ ዘፍዝፌ አጸዳሁት። ሳልጠየቅ መተንተን ስለምወድ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጓጉንቸር ነው አልኩ፤ ቀጥዬ ሌባ የሰበረው የነጋዴ ሣጥን አደረግሁት። አባቴ ተቀብለው የተቆረጠውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱና የበቅሎዋ እግር ብረት ጓጉንቸር ነው አሉ። እናቴ ምስር መልቀሟን አቆመች።

ነገሩን ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። በሠርጋቸው ቀን አባቴ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ካለው የእናቴ አገር የደረሱት ሊመሽ ሲል ነው። ሌባ እንዳይወስዳት የታሰረችው በቅሎ ቁልፏ ጠፍቶ፣ ጓጉንቸሩ በሞረድ እስኪቆረጥ ቀኑ ሄደ ይላሉ። እናቴ ግን አንድም ቀን አምናቸው አታውቅም። ሌላ ሴት በልባቸው ይዘው፣ ሽማግሌ ለምኗቸው የመጡ ይመስላታል። አርባ ዓመት በቀልድ እያዋዛች ስትወጋቸው ኖራለች፤ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ እኛ ልጆቿ እናውቃለን።

«ጓጉንቸር በየቤቱ አለ» አለች አሁንም።

አባቴ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ከማተባቸው ጋር የምትንጠለጠል ትንሽ ቁልፍ አለች፤ የሣጥን እየመሰለችን ነው ያደግነው። ማተብ አይፈታምና አንገታቸውን ወደ ጓጉንቸሩ ደፍተው ከተቷት። ጥቂት ታገለችና ዞረች።

እንደዚያው እንዳጎነበሱ ተናዘዙ። እንዳትጠፋ ብለው ቁልፏን በዋዜማው አንገታቸው ላይ ያሰሯት ራሳቸው ናቸው። ሚዜዎቹ ሲያለብሷቸው ክሩን ወደ ጀርባ አዞሩት፤ ሰው ሁሉ ቤቱን ሲያገላብጥ ቁልፏ ከሸሚዛቸው ሥር ነበረች። ያወቁት መንገድ ላይ፣ ሲያልባቸው ነው። ለሙሽሪት ሞኝ መስለው ከመታየት ዘገየ መባሉን መረጡ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ አልሳቀችም። ጓጉንቸሩን ከእጃቸው ተቀብላ፣ እሳቸው እንዳጎነበሱ፣ አንዴ በቁልፏ ዘጋችው፣ አንዴ ከፈተችው።

«ሞኝነትዎንማ በሳምንቱ አውቄው ነበር» አለቻቸው። «ያላወቅሁት ፈልገውኝ መምጣትዎን ነው።»