ሳይዘጋ የቀረው ጸሎት

እናቴ ስትጸልይ ሰዓት የሚባል ነገር አይታያትም። ላስ ቬጋስ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን «እማማ በጸሎት ይዝጉልን» ከተባለ፣ ምድጃ ላይ ድስት ጥዶ የመጣ ሰው ቁልፉን አንስቶ ቀስ ብሎ ይወጣል። እኔ ግን ልጇ ነኝ፣ መውጫ የለኝም። አጠገቧ ቆሜ ከየልመናው በኋላ «አሜን» ማለት የእኔ ሥራ ነው። አሜን ካልተባለላት ወደሚቀጥለው አታልፍም።

ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ መራመድ ፈራች። ሐኪሙ በየቀኑ እንድትንቀሳቀስ አዟት ነበር፤ እሷ ግን ከሶፋ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወንበር፣ በቃ። ክንዴን ስዘረጋላት ደግሞ «ተወኝ፣ እችላለሁ» ብላ ትገፋዋለች። አትችልም፣ ግን እርዳኝ ማለት አይሆንላትም። ያበሽቀኝ የነበረው ይሄ ነው።

ቻይናታውን በምሠራበት ምግብ ቤት አንዲት ጃፓናዊት አብሳይ አለች። አንድ ቀን የትውልድ አገሯን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ፤ ትንንሽ ደሴቶች፣ በመካከላቸው የአሸዋ መንገድ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሲሸሽ መንገዱ ይወጣል፣ ሲመለስ ይሰወራል። ፎቶውን ለእናቴ ሳሳያት መነጽሯን አስተካክላ ብዙ አየችውና «ይሄንንስ በእግሬ እሻገረው ነበር» አለች። ሙሴን እያሰበች መሆኑ ገባኝ። ሐሳቧን ሳትቀይር ቲኬት ቆረጥኩ።

ለጉዞው የእግር ልምምዱን የሠራነው ካዚኖ ውስጥ ነው። በሐምሌ ሙቀት ቬጋስ ውጭ በእግር መሄድ የማይታሰብ ነው፤ ካዚኖ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ምንጣፉም ማለቂያ የለውም። እናቴ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ የቁማር ማሽኖቹን እንደ ጋኔን በሹክሹክታ እየገሠጸች ትሄዳለች። አንድ ጠዋት አንዱ ማሽን በድንገት ሲንጫጫ ክንዴን ጎሸም አድርጋ «አየህ? ጮኸ!» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ልምምዱን ወደደችው።

ጃፓን እንደ ደረስን ያረፍንበት ቤት ባለቤት ባሕሩ የሚሸሽበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠን። አሸዋው እርጥብ ቢሆንም ጠንካራ ነበር። ወጣት ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ያልፉናል፤ እንደዚያ የተሻገረ ፍቅሩ ይጸናል ይባላል። እናቴ በዐይኗ ተከትላቸው «ተጋብተዋል?» አለች።

«እኔ በምን አውቄ፣ እማዬ!»

ክንዴን አልያዘችም። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ወዲያኛው ደሴት ደረሰች። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝና አጨበጨብኩላት። ማጨብጨብ አልነበረብኝም። «እንዲህ ላደረገ ጌታማ ምስጋና ይገባዋል» አለችና ዐይኗን ጨፈነች።

ስለ ባሕሩ አመሰገነች። አሜን። ስለ ሐኪሙ። አሜን። ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ፣ ቪዛ ስለሚጠብቁ፣ ሺፍት ስለበዛባቸው፣ ስለ ጃፓን ሕዝብ በሙሉ። አሜን፣ አሜን፣ አሜን እያልኩ አጣደፍኳት። አንድ ዐይኔ ውሃው ላይ ነው። ጥንዶቹ ሁሉ ተመልሰዋል፣ መንገዱ መሀሉ ላይ ጠቧል። የሚጸልይ ሰው ደግሞ አይቋረጥም፤ ያውም እናት።

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለዚህ ልጅ ሸክም አታድርገኝ። ሳልከብደው ውሰደኝ።»

አሜን አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ጠበቀች። አሜን ሲጠፋ ያልሰማሁ መስሏት «ሳልከብደው ውሰደኝ» ብላ ደገመች።

«እዚህ ላይ አሜን አልልም፣ እማዬ።»

ዐይኗን ገለጠች። «ምን ነካህ?»

«አልልም። ሌላ ለምኚ።»

«ጸሎት ላይ ክርክር አለ እንዴ?»

«እንግዲህ እዚሁ እናድራለን። ውሃው መጥቷል።»

ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንባዬም መጥቶ ነበር። ክንዴን ስትገፋው የኖረችው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ኩራት ይመስለኝ ነበር። እሷ ውሃውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ጸሎቱን ሳትዘጋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

መንገዱ መሀል ስንደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚታችንን አልፏል። አሸዋው ከእግራችን ሥር ይንሸራተታል። እናቴ ቆመች። ክንዴን ልዘረጋ ብዬ ተውኩት፤ «ተወኝ» የምትለውን መስማት አልፈለግሁም።

«ልጄ» አለች፤ «እዘለኝ።»

አጎነበስኩላት። ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ጀርባዬ ላይ ወጣች፣ አንገቴንም አቀፈችኝ። ትንሽ እንደ ሄድን በጆሮዬ «ከበድኩህ?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት።

ሆዷ ጀርባዬ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ «አሜን» አለች።