ማሽን ላይ ሳለሁ ሰላም አትበሉኝ

ባለጌ ናት ይሉኛል። በአማርኛም በሲዳምኛም ብለውኛል። መሃል ከተማ ካለው የእንጨት ሥራ ቤቴ ገብታችሁ መጋዙ ላይ ቆሜ ካገኛችሁኝ፣ ፓስተርም ሁኑ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ቀና ብዬ አላያችሁም። ጣውላዬን ቆርጬ እጨርሳለሁ፣ ማጥፊያውን እጫናለሁ፣ የመጋዙ ዲስክ መዞሩን እስኪያቆም እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ወላጅ እንዳሳደጋት ልጅ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ብትቆጡም፣ ሥራውን ለሌላ አናጺ ብትሰጡም የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ወለሉ ላይ፣ ከማሽኑ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ከአንድ በር ሥራ በተረፈ ቢጫ ቀለም ያሰመርኩት መስመር አለ። የመጣ ሰው ከእሱ ወዲያ ይቆማል። “ምንድነው ይሄ፣ ኤርፖርት ነው እንዴ?” እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ጸጉሬን በሻሽ ጥብቅ አድርጌ አስራለሁ፣ እጅጌዬን እስከ ክርኔ እሰበስባለሁ፣ ነጠላ የለበሰች ደንበኛ አላስጠጋም። መጋዝ ላይ ጓንት አላደርግም፤ ጓንት እጅ የሚያድን የሚመስለው ማሽን ጨርቅ ሲጎትት ላላየ ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ “ወይኔ” ከማለቴ በፊት ማጥፊያውን እዘጋለሁ፣ አለዚያ መብራቱ የመጣ ጊዜ ማሽኑም አብሮ ይነሳል። በእነዚህ ሁሉ የተጣላኝ ሰው የለም። የተጣሉኝ በሰላምታው ነው።

እኛ ዘንድ የሚሠራ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም። “ያበርታሽ” ይባላል፣ የተባለውም “አሜን” ብሎ ቀና ይላል። ሰላም ያለው ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ሥራ ይቆማል፣ ወገብ ይታጠፋል። ደግ ልማድ ነው፤ ከዶማም ከመርፌም ጋር ይስማማል። ከሚዞር ዲስክ ጋር ግን ገና አልተዋወቀም።

የግራ እጄ የመሃል ጣት ግማሽ ነው። ሥራ ቤቱን በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት ነው የተቆረጠው። ሰላም ያለኝ አባቴ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምሳዬን ያመጣልኝ ነበር፤ ያን ቀን ምሳ ዕቃውን እንደያዘ ከኋላዬ ገባና በማሽኑ ጩኸት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራኝ። እኔም እንዳሳደገኝ ዞር ብዬ ራሴን ነቅነቅ አደረግሁ። ቀኝ እጄ ጣውላውን መግፋቱን ቀጠለ፤ ግራው የት እንደነበረ እኔም አላወቅሁም። የዲስኩን መከለያ ደግሞ ሥራ ያዘገያል ብዬ ፈትቼው ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ በማንም አላላክክም። ዛሬ መከለያው በብሎን ታስሯል።

ሆስፒታል ነርሷ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ “አንሸራተተኝ” አልኳት። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ሰማ። ለእናቴም፣ ለጎረቤትም፣ በኋላም ለእጮኛዬ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። እኔና አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ምሳዬን ማምጣቱን ግን አልተወም፤ በሩ ላይ ይቆምና ማሽኑ እስኪጠፋ ትንፍሽ አይልም።

ባለፈው ዓመት፣ ሠርጌ ሁለት ወር ሲቀረው፣ የእጮኛዬ አባት ሳይናገሩ ሥራ ቤቴ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዱ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው የሚያገባትን ሴት ሙያ ሊያዩ ነው የመጡት። እኔ ለአንድ ደንበኛ አልጋ የዋንዛ ጣውላ እየቆረጥኩ ነበር። ቢጫውን መስመር አለፉና “ያበርታሽ ልጄ” አሉ።

ሰማሁ። ድምፃቸውንም አወቅሁት። አንገቴ በራሱ ጊዜ ሊዞር ሲል ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። “ሰላምታ የእግዜር ነው!” አሉ ደግመው። ጣውላው ደግሞ ረጅም ነበር። ዲስኩ ቆሞ ስዞር ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ በሩ ላይ ደርሰዋል። ከነሰጋቱራዬ ሮጬ ደረስኩባቸውና ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን አልሰጡኝም።

በማግስቱ መልእክት መጣ። በሽማግሌዎች ፊት ይቅርታ ካልጠየቅሁና ሁለተኛ እንዲህ ላላደርግ ቃል ካልገባሁ ሠርግ የለም። እጮኛዬ “አንድ ቃል ነው፣ በይውና እንለፈው” አለኝ። እወደዋለሁ። ያን ዕለት ግን ጣውላ የምገፋበትን ዱላ ጀርባው ላይ ላሳርፍበት ምንም አልቀረኝም። እርግጥ እሱም እውነቱን አያውቅም። ጣቴን የበላው ሰላምታ ነው ብል ወዲያው “የማን ሰላምታ?” መባሉ አይቀርም። ያን ጥያቄ መመለስ አልፈለግሁም።

እሑድ ከቸርች በኋላ እነ እጮኛዬ ቤት ተሰበሰብን። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ በእኔ በኩል አባቴ አለ። ተነስቼ “ስላዘኑብኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ” አልኩ። “ሁለተኛ አላደርግም ግን አልልም። ነገም ቢመጡ አደርገዋለሁ።”

ቤቱ ተንጫጫ። እኔም ወደ እጮኛዬ አባት ዞርኩ። “አባባ፣ እርስዎ ሲነዱ አውቶቡሱ ውስጥ ‘ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው’ የሚል ጽሑፍ አልነበረም?”

“ነበረ” አሉ። “እኔ ግን የማውቀውን ሰው መንገድ ላይ አይቼ በጥሩምባ ሰላም ሳልል አልፌ አላውቅም!”

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። “የእኔ ማሽን ጥሩምባ የለውም” አልኳቸው።

በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ አስታራቂ ሐሳብ ያመጡ መስሏቸው “ሥራሽን አቁሚ አላልንሽም ልጄ” አሉ። “ራስሽን ብቻ ነቅነቅ አድርጊ። ምን ይጎዳሻል?” ሁሉም ተስማማ። እጮኛዬ ሳይቀር “እውነት ነው” አለ።

“አላደርግም” አልኩ።

“ምክንያትሽን ንገሪና!”

“ምክንያት የለኝም።”

“ኩራቷ እራቷ! ሌላ ምንም አይደለም” አሉ የእጮኛዬ አባት። ኩራት ይሁን አልኩ። ሠርጌ ዓይኔ እያየ ሊፈርስ ነው፤ ግን አባቴን አሳልፌ ከምሰጥ ባለጌ ተብዬ ብቀር ይሻለኝ ነበር።

ከአጠገቤ ወንበር ተንቋቋ። አባቴ ቆመ። “ምክንያቷ እኔ ነኝ” አለ። “ጣቷን ያስቆረጥኳት እኔ ነኝ። ማሽን ላይ ሳለች ጠርቼ ሰላም አልኳት፣ አክብራኝ ራሷን ነቀነቀች። እናንተ አሁን የምትለምኗትን ነው ያደረገችው። እስከ ዛሬ ለእናቷ እንኳ አልተናገረችብኝም።” መጨረሻው ላይ እንባው መጣ። አባቴ በሰው ፊት ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቤቱ ወዲያው ተለወጠ። ሽማግሌዎቹ “በቃ፣ በቃ፣ ታርቀናል፣ እንጸልይ” ማለት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ንዴቴ ገና አሁን መጣ። ግማሽ ጣቴ ፊታቸው ተቀምጣ አንዳቸውም አላመኑኝም፤ የሽማግሌ እንባ ሲያዩ ግን ሁሉም ገባቸው።

“ጸሎቱ ይቆየን” አልኩ። “እኔ ይቅርታዬን ጠይቄያለሁ። አሁን ደግሞ አባቴ በእናንተ ቤት አልቅሷል። አባባ፣ እቤታችን መጥተው ሰላም ካላሉት ሠርግ የለም።” አባቴ ቀሚሴን ይዞ ሊያስቀምጠኝ ጎተተኝ፣ አልተቀመጥኩም። እጮኛዬን “አንተም አስብበት” አልኩትና አባቴን ደግፌ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ አባቴ “አበዛሽው” አለኝ። “አላበዛሁም” አልኩት።

ከዚያ የጠበቅሁባቸው ቀናት ከባድ ነበሩ፣ አልዋሽም። እጮኛዬ ይደውላል፤ “አባትህስ?” እለዋለሁ፤ “ገና ነው” ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ የጣውላው ክምር ላይ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። ፊቴን ሳልታጠብና ዓይኔ ሳይጠራ ግን ማሽኑን አልነካሁም። አንድም ጊዜ ግን ሄጄ ልለምን አላልኩም።

በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በራችን ተንኳኳ። እጮኛዬ አባቱን ክንዳቸውን ይዞ ቆሟል። ሽማግሌው እኔን ሳያዩ አልፈውኝ በቀጥታ ወደ አባቴ ሄዱና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ቶሎም አልለቀቁትም። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ለእኔ የተባለ ስላልነበረ ጆሮዬንም አላቀናሁም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሦስት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙና እጆቼን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ።

“አሁን ይቻላል?” አሉኝ።

“ይቻላል አባባ” አልኩና ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው።