የድንቡሼ ልክ

እትዬ ሜትር ሲዋሹ ያየሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የዋሹትም በአፋቸው አይደለም፣ በመርፌ ነው። ስፒሉን ያቀበልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን የምናገረው ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

እሳቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እኔ እዚያው ሱቅ ጥግ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ የምተክል፣ ጠርዝ የምዘመዝም ነኝ። ሜትር የሚሏቸው መለኪያው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው፤ አንዳንዱ ደንበኛ ሲተኙም አያወልቁትም ይላል። ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያች አንዲት ስፌት መኪና አሳድገው፣ ለአስተማሪነት አብቅተው፣ ዳሯት። በልክ ጉዳይ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቁም። አንዷ ወይዘሮ ትንፋሿን ውጣ፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ «በሉ ለኩኝ» ስትላቸው፣ «ቀሚሱን ከለበስሽ በኋላ መተንፈስ አያስፈልግሽም ማለት ነው?» አሏት። ሴትየዋ ሳቋ መጣና ተነፈሰች፤ እሳቸውም ለኩ።

የልጅ ልጃቸው ስትወለድ ክንዷ እጥፍ እጥፍ ያለ፣ ጉንጯ ዐይኗን የሚጋርድ ነበር። ድንቡሼ ያልናት ሁላችንም ነን። እስከ ዓመቷ ስሙ ልኳ ነበር። ከጡቱ ላይ የላም ወተት ሲጨመርላት ግን ነገር ተበላሸ። በጠጣች በሰዓቱ ታስመልሳለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ ተቅማጥ አይለቃትም፣ አንገቷ ይቀላል። ክሊኒክ ተወሰደችና የላም ወተትም ከወተት የተሠራ ነገርም ይቅርባት ተባለ። ቀረ፤ ተቅማጡም ቆመ። እዚህ ላይ አቁመን ቢሆን ኖሮ የማወራችሁ ነገር አልነበረም።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ጉንጯ ላይ ሽፍ ያለ ነገር ወጣባት። የሙቀት ይሁን የምን እግዜር ይወቀው። የፈራች እናት ግን ያገኘችውን ሁሉ ትሰማለች፣ ጎረቤት ደግሞ ምክር አያልቅበትም። አንዷ እንቁላል ነው አለች፤ እንቁላል ቀረ። የባሏ እህት ምስር ሆድ ይነፋል አለች፤ ምስር ቀረ፣ ባቄላና አተርም አብረው ሄዱ። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለ ስንዴ ስልክ ላይ አንብባ መጣች፤ ዳቦ ቀረ። ዓሣና ለውዝ ምን እንዳጠፉ አልሰማሁም፣ ብቻ እነሱም ቀሩ። እናትየው አስተማሪዋ የተከለከለውን ሁሉ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ጽፋ የወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፈችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? አንዴ እዚያ ላይ የተጻፈ ምግብ ተሰርዞ አያውቅም። ለልጅቷ የቀራት ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮትና ሙዝ ነበር። ባሏ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ቤት ሲገባ በሩን ያነብና ወደ መንገዱ ይመለሳል።

ድንቡሼ ከሳች። በዓመት ከስድስት ወሯ የክሊኒኩ ነርስ የክብደት ካርዷን ዘርግታ፣ ክብደቷ ሁለት ወር ሙሉ ንቅንቅ እንዳላለ አሳየቻቸው። በወሩ መልሰው እንዲያመጧት አጥብቃ ነገረቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የአስተማሪዋ ጭንቀት ሁሉ ልብስ ላይ ሆነ። ጠዋት ልጅቷን ታለብሳለች፣ ሱሪው ከወገቧ ተንሸራቶ ጉልበቷ ላይ ይወርዳል፣ እናትየው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ሥራ መቅረት ጀመረች። እህል አፏ አልገባ አለ። እትዬ ሜትር ወደ ሱቅ ሲመጡ በልጃቸው ቤት በኩል ያልፉ ነበርና ይህን አራት ቀን በተከታታይ አዩ። በአምስተኛው ቀን የልጅቷን ልብስ በከረጢት ጠቅጥቀው ይዘው መጡ።

ምን ሊያደርጉት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ላጠብበው ነው» አሉ። «ልጄ እንዲህ ስታለቅስ ልታልቅብኝ ነው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። ከጎን ግማሽ ሴንቲ፣ ከወገብ አንድ፣ ከብብት ሥር ትንሽ፤ የድሮው ስፌት ሳይተረተር ከእሱ አጠገብ በውስጥ ሌላ ስፌት። ላስቲኩንም አሳጠሩ። ከውጭ ለሚያየው ልብሱ የተነካ አይመስልም፤ እጃቸው እኮ እጅ ነው። እኔ ስፒል አቀበልኩ። እትዬ፣ ይኼ ነገር ይቅርብን አላልኩም። እናትየው እህል እንድትቀምስ ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ የሚያውቁትን ነገር አለመናገር ስለሚቀል ነው።

ልብሱ ልክ ሆነ። ቅዳሜ ዕለት አስተማሪዋ ልጅቷን ታቅፋ ሱቅ ድረስ መጣችና ቀሚሱን ወገቡ ላይ ሳብ አድርጋ አሳየችን። «እማዬ፣ ሞላላት እኮ» አለች። ፊቷ ሲፈታ ከወራት በኋላ ያየሁት ያን ቀን ነው። እትዬ ሜትር መኪናቸው ላይ እንዳቀረቀሩ «ተመስገን» አሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና አጠበቡት። ከዚያም አንድ ጊዜ ደገሙት። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። የክሊኒኩ ቀጠሮ ሲደርስ አስተማሪዋ የፈተና ሰሞን ነው፣ ልጅቷም ተሽሏታል፣ በሚቀጥለው ወር እወስዳታለሁ አለች። እኔና እትዬ ሜትር ተያየን። ያን ዕለት አፋችንን ከፍተን ቢሆን ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ። አልከፈትንም፣ በሚቀጥለውም ወር አልተወሰደችም።

ልጅቷን የምትይዘው ሴት ታማ የቀረች ዕለት ድንቡሼ ከእኛ ጋር ዋለች። በፊት ስትመጣ የክሩን ጥቅል ሁሉ መሬት ላይ እያንከባለለች ሱቁን ታምሰው ነበር፤ እኔም እያጉረመረምኩ ስለቅም እውላለሁ። ያን ቀን ግን ብትን ጨርቅ ላይ ጋደም ብላ ዐይኗን ብቻ ታንከራትታለች። አንድ ጥቅል ክር ሰጠኋት። ያዘችው እንጂ አልወረወረችውም። እትዬ ሜትር ሥራቸውን አቁመው መጡና ክንዷን ለኩ። ደግመው ለኩ። ከዚያ የልኬት ደብተራቸውን አወጡ።

ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ በየወሩ ልኳን ይጽፋሉ፤ ቁመት፣ ደረት፣ ወገብ፣ ክንድ፣ ቀኑ ሳይቀር። ልብሷን ባጠበቡባቸው ወራትም አላቋረጡም። ጨርቅ ላይ ዋሽተዋል፣ ደብተር ላይ ግን እጃቸው እምቢ ብሏቸዋል። በዓመቷ ክንዷ ዙሪያውን አሥራ አምስት ሴንቲ ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ከምናምን ሆኗል።

«ሰው ወደ ኋላ ያድጋል?» አሉኝ።

የደንበኛ ቀሚስ አንድ እጅጌ ብቻ ተገጥሞለት መኪናው ላይ እንዳለ ሱቁን ዘጉ። እኔ ልጅቷን አዝዬ፣ እሳቸው ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። አስተማሪዋን ከክፍሏ አስጠርተን ወደ ክሊኒኩ ገሰገስን። መንገድ ላይ ልጅቷ ደከም ብላለችና ትታይ ከማለት በቀር ምንም አልነገሯትም።

ነርሷ ልብሷን አስወልቃ መዘነቻትና ካርዱን አይታ ሐኪሟን ጠራች። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ዝግ ብላ ነው የምታወራው። ክብደቷ ባለፈው ከነበረበትም ወርዷል አለችና ከመቼ ጀምሮ እንደከሳች ጠየቀች። አስተማሪዋ ተቆጣች። ልጄ ሁለት ወር ሙሉ እየሞላች ነው የመጣችው፣ ልብሷ ምስክር ነው፣ የተበላሸው ሚዛናችሁ ነው አለች። የወለቀውን ቀሚስ አንስታ ሐኪሟ ፊት ዘረጋችው። ነርሷ ሚዛኑን ባዶውን አረጋግጣ ልጅቷን ድጋሚ ልትመዝናት ተነሳች።

እትዬ ሜትር ቀሚሱን ከልጃቸው እጅ ወስደው ገለበጡት። በውስጥ በኩል፣ በዋናው ስፌት አጠገብ፣ ሦስት መስመር ስፌት ተደርድሯል።

«ሚዛኑ ልክ ነው» አሉ። «ልብሱን ያጠበብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ።»

አስተማሪዋ ስፌቶቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ቀና ብላ እናቷን አላየችም። እኔ ግድግዳውን አያለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሴት፣ የሌላ ሰው ልጅ በሽታ ደብቄ ቆሜያለሁ። እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

እትዬ ሜትር ደብተሩን ለሐኪሟ ሰጧት። ገጹን ስትገልጥ ቆየችና፣ የትኛው ምግብ በየትኛው ወር እንደቀረ አስተማሪዋን ጠየቀቻት። እሷ ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች። ሐኪሟ በእርሳስ ከልኬቱ ጎን ጎን ጻፈችው። ወተት ከቀረ በኋላ ሦስት ወር ክንዱም ቁመቱም ጨምሯል። እንቁላል በቀረበት ወር ክንዱ ባለበት ቆመ። ምስሩና ባቄላው፣ ከዚያም ዳቦው ሲከተሉ መቀነስ ጀመረ።

«ወተቱን መተዋችሁ ትክክል ነበር» አለች። «ሌላውን እስክንሞክረው ድረስ እርግጠኛ ነኝ አልልም። ግን ይህቺን ልጅ ያከሳት የበላችው አይመስለኝም። ያልበላችው ነው።»

ለከሱ ልጆች የሚሰጠው ማጠናከሪያ ምግብ ወተት ስላለበት ለእሷ እንደማይሆን ነገረችን። ስለዚህ እንቁላሉን ከነገ ጀምሮ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ እያዩዋት በጥቂት በጥቂቱ ይሰጧታል፤ ከዚያ ምስር፣ ከዚያ ዳቦ፣ በመካከሉ ቀናት እየተጠበቀ። ሩዙና ድንቹ ላይ ዘይት ይጨመርበታል፣ በየሳምንቱም ትመዘናለች። አስተማሪዋ ሁሉንም ጻፈች። ያ የሚያምር ጽሕፈቷ ያን ቀን አልነበብ ስላለ ነርሷ በኋላ በሌላ ወረቀት ገልብጣ ሰጠቻት።

ደጅ ስንወጣ አስተማሪዋ ልጅቷን ከጀርባዬ አውርዳ ወሰደቻት። እትዬ ሜትር «ልጄ» ብለው ጀመሩ።

«ለእኔ አዝነሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እማዬ» አለች። «ግን ከዛሬ ጀምሮ ልብሷን እኔ ነኝ የምገዛላት። አንቺ እንዳትሰፊላት።»

«እሺ» አሉ እትዬ ሜትር።

ስፒሉን ማን እንዳቀበለ የጠየቀኝ የለም። ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ፤ እንቅልፍ ሲያሳጣኝ አስተማሪዋ ቤት ሄጄ ተናገርኩ። እማዬ እርስዎን ይዛ እንጂ ብቻዋን የምትሠራው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ አለችኝ። ይግቡም ይቀመጡም አላለችኝ። በር ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩ። አልፈርድባትም።

እንቁላሉ ምንም አላደረጋትም። ሩብ አስኳል በማንኪያ ተሰጣት፣ እናትየው ሁለት ሰዓት ዐይኗን ተክላ ፊቷን ስታይ ቆየች፣ ድንቡሼ ግን እጇን ዘርግታ ጨምሩልኝ አለች። ምስሩም ዳቦውም ሰላም ሆኑ። ዝርዝሩ ሁሉ ከንቱ ነበር እንዳልል፣ ለውዝ ሲሞከር ከንፈሯ አብጦ ሁላችንንም አስደነገጠን፤ እሱ በቀረበት ቀረ። እትዬ ሜትር የልጅቷን ክብደት የሚሰሙት እንደ ማንም ሰው ከልጃቸው አፍ ሆነ። ሁለት መቶ ግራም ጨመረች፣ ቀጥሎ ሦስት መቶ። ዜናውን ሰምተው ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ። የሌላ ሰው ልጅ ልብስ ሲቆርጡ መቀሱን አስቀምጠው ወደ መንገዱ ሲያዩ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ያሳዝኑኛል።

በአራተኛው ወር አንድ ቅዳሜ አስተማሪዋ ልጅቷን በእጇ ይዛ ሱቅ መጣች። የለበሰችው የተገዛ ቀሚስ ነው። ኤዲያ፣ እሱም ልብስ ተብሎ። ትከሻው ክርኗ ደርሷል፣ እጅጌው ሁለቴ ታጥፏል፣ ጠርዙ ተንሻፏል፤ ለሁለት ልጅ ይበቃል። ድንቡሼ ቀሚሱን እየረገጠች፣ ዳቦ እየገመጠች መጥታ አያቷ ጉልበት ላይ ተደገፈች። እትዬ ሜትር ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱ። አስተማሪዋ እጃቸው የገባበትን አየች። አንዴ እሳቸውን አንዴ ልጇን አየች።

«እማዬ፣ ሰፋባት መሰለኝ። ከፈለግሽ አጥብቢላት።»

እኔ ደስ ብሎኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እትዬ ሜትር ግን አልተነሱም። እጃቸውን አውጥተው የልጅቷን ክንድ በጨርቁ ላይ ዳሰሱ።

«ተይው ልጄ» አሉ። «ሰፍቷት ይቆይ። እሷው ትሙላው።»