ሀጂራ የሰጠችው አማና

ስድስት ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥተው ወርደዋል፤ ግን ኢብቲሳም ጎረቤቷን ከሚሪያን "አውቃታለሁ" ብላ አፏን ሞልታ መናገር አትችልም። የወሎ ሰው መሆኗን ታውቃለች። በሐጅ ሰሞን ዓዚዚያ ሰፈር ውስጥ የሐጃጆች ማረፊያ አንሶላ እንደምታጥብ፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ መካ ባሉት ሁለት ክፍሎቿ የሰው ልጆች እንደምትጠብቅም ታውቃለች። እናቶቻቸው በየማዳሙ ቤት እያደሩ የሚሠሩ ናቸው፤ ልጆቻቸውን የሚያዩት ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው።

ከሚሪያ ልጅ በአማና፣ በአደራ ማለት ነው፣ ስትቀበል አንድ ደንብ አላት። እናትየዋን ሁለት ምስክር ፊት ታስቀምጥና "አማናሽን ለማን ልመልስ?" ትላታለች። ስሙ ያልተጠራ ሰው፣ ወንድምም ይሁን አጎት፣ ልጅ ይዞ ከዚያ በር አይወጣም። ሀጂራ የሰባት ዓመት ልጇን ሪሐናን ስትሰጥ፣ "ከእኔ በቀር ለማንም" ብላ ነበር። አንደኛዋ ምስክር ኢብቲሳም ነበረች።

በረጀብ ወር ሀጂራ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌላት ተይዛ ሹመይሲ እስር ቤት ገባች። በሳምንቱ፣ ኢብቲሳም ከሚሪያ ቤት ተቀምጣ ሳለች፣ የሀጂራ የአክስት ልጅ ሐቢብ መኪናውን በር ላይ አቁሞ መጣ።

"እህት ከሚሪያ፣ ልጅቷን ልወስዳት ነው። ጅዳ ጥሩ ቤት አግኝቼላታለሁ።"

"ምን ልታደርግ?"

"ሕፃን አላቸው። እያጫወተች ትኖራለች።"

"የሰባት ዓመት ሞግዚት! ሌሊት ሲያለቅስም እሷው ትነሳለች በለኛ።"

ሐቢብ ሳቀ። "እናቷ እሺ ብላለች እኮ። ራሷ ትንገርሽ።" እስር ቤት ደወለና ስልኩን ዘረጋላት።

"ከሚሪያ፣ ስጪው" አለች ሀጂራ ከወዲያ። "ትምህርት ቤት ያስገባልኛል።"

ኢብቲሳም ነገሩ ኸላስ ያለቀ መሰላት። እናት ካለች ማን ይከለክላል? ከሚሪያ ግን ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

"ትምህርት ቤት አይደለም። የሰው ሕፃን ልታዝል ነው። ሰምተሻል?"

ከስልኩ ጩኸት መጣ፦ "ወላሂ እንዲህ አላለኝም! አትስጪው! ከሚሪያ፣ አደራሽን፣ አትስጪው!"

ሐቢብ ስልኩን ነጠቃት። "አንቺ ራስሽ ኢቃማ የለሽም። ነገ ፖሊስ ይዤ ስመጣ ምላስሽን አያለሁ!"

"ነገ ለምን? አሁን ጥራቸው!" በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። "ይውሰዱኝ። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ለማን ልታስቀጥር እንደነበር አንድ በአንድ ነግሬያቸው ነው የምሄደው። ያላ፣ ደውል!"

ሐቢብ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ደረጃውን እየተሳደበ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ኢብቲሳም ስትመጣ ሌሎቹ አራት ልጆች ፉል እየበሉ ነው። ሪሐና የለችም።

"የት ወሰድሻት?"

"ደህና ናት።"

"ምስክር እኮ ነኝ! ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?"

"አላውቅም በያ። ውሸት አይሆንብሽም።"

"እሺ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። የት ናት?"

ከሚሪያ ዳቦውን ቆርሳ ትንሿን አጎረሰቻት። "ሀጂራ ያንቺን ስም አልጠራችም" አለቻት።