ጋሼ ቆይ የእናቴን ኩሽና ሲቀቡ

ሰፈራችን ውስጥ ቤቱን ማስቀባት የፈለገ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት ከፈለገ ያገኘውን ቀቢ ይጠራል። ከተቀባ በኋላ እንዳይቆጨው ከፈለገ ደግሞ ጋሼ ቆይን ይጠራና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ፀጉር ቤት ነው ያለኝ፤ አንዷን ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ስር አስቀምጬ፣ ሌላዋን እያጠብኩ፣ በስልክ ከሦስተኛዋ ጋር የምጨቃጨቅ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለችውን ሴት ከጋሼ ቆይ ጋር ያገናኘቻት እናቷ ናት።

እውነተኛ ስማቸውን ሰፈርተኛው ረስቶታል። "ቀለሙን መቼ እንግዛ?" ሲሏቸው "ቆይ" ነው መልሳቸው። "ዛሬ ይጀምራሉ?" ቢሏቸውም "ቆይ እስቲ"። ባለቤታቸው እንኳን "እኔንም ለማግባት ሦስት ዓመት ቆይ እያሉ ነው ያስጠበቁኝ" እያሉ ይስቃሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀብተዋል፤ ትምህርት ቤት፣ ሱቅ፣ ሆስፒታል፣ የሰው ሳሎን። የቀቡት ግድግዳ ላይ ግን የብሩሽ ፀጉር ተጣብቆ ያየ ሰው የለም።

እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ዓይኗ ቀስ በቀስ እየደከመ መጣ፤ የዓይን ሐኪሙ በኦፕራሲዮን የሚስተካከል እንዳልሆነ፣ ግን ጨርሶ እንደማይጨልምባት ነገረን። "ብርሃን ያለበት ቦታ ትሥራ" አለን። ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ኩባያ ሰበረች። በአራተኛው ኩባያ እጇን በፈላ ውሃ ተቃጠለች።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ አበደ። "በቃ! እኔ ጋ ትገባለች፣ ቤቱ ይከራያል" አለ። እናቴ ደግሞ አንገቷን ቀና አድርጋ "ከዚህ ቤት የምወጣው ሰው ተሸክሞኝ ነው" አለችው። እኔ መሃል ላይ ቆሜ አንዴ ወደ እሱ አንዴ ወደ እሷ ስዞር አንገቴን አመመኝ። በመጨረሻ "ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ እመጣለሁ። ኩሽና ውስጥ ስትሠራ በዓይኔ አይቼ እወስናለሁ" ብሎ ሄደ።

ኩሽናው ጠቁሮ ነበር። የስንት ዓመት ጭስና የዘይት ላብ ግድግዳው ላይ ተጋግሯል። ሐኪሙ ብርሃን አላለም? እንግዲህ ነጭ ቢቀባ ቦግ ይላል ብዬ አሰብኩ። የሥራ ጠረጴዛው ሴራሚክ ነጭ ነው፣ ምድጃው ነጭ ነው፣ ኩባያዎቿም ነጭ ናቸው፤ ግድግዳው ሲጨመርበት ቤቱ ፀሐይ የገባበት ይመስላል። በራሴ ብልጠት ራሴ ተደነቅሁ።

ጋሼ ቆይ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሱሪያቸው ከመቀባባቱ ብዛት መጀመሪያ ምን ቀለም እንደነበረ የማይታወቅ ሰው። በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ የስስ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ክምር ተሸክመዋል።

"ነጭ ነው የምንፈልገው፤ ነገ ቢጀምሩልን" አልኳቸው።

"ቆይ" አሉ። ግድግዳውን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም። በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ወደ እናቴ ዞሩ። "እማማ፣ ሻይ ይኖራል?"

ክው አልኩ። "ጋሼ፣ እኔ ላፍላልዎት፤ እሷ እጇን ተቃጥላለች!"

"አይ፣ የእማማን ሻይ ነው ያማረኝ" አሉ።

ዓይኑን በጨው የታጠበ ሽማግሌ! እናቴ ግን ተነሳች። ሻዩን አፈላች፣ ኩባያውን ፍለጋ ጠረጴዛውን በመዳፏ ዳበሰች፣ ትንሽም አፈሰሰች። እሳቸው አመስግነው ጠጡና ከአንሶላው ውስጥ ቢጫ የተቀባ ጣውላ አውጥተው ከጠረጴዛው ኋላ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት መጡ፤ ሻይ። ቀትር ላይ መጡ፤ ሻይ። አስር ሰዓት ላይ መጡ፤ ሻይ። በየቀኑ ጣውላው ይቀየራል፤ ቢጫው ሄዶ ሰማያዊ ይመጣል፣ ሰማያዊው ሄዶ ክሬም፣ ከዚያ አረንጓዴ። እሳቸው በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብለው ከጣውላው ይልቅ የእናቴን እጅ ያያሉ። እኔ ደንበኞቼን ጥዬ ብቅ ባልኩ ቁጥር የማያቸው ኩባያ ይዘው ነው። በአምስተኛው ቀን አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ የመጡት ለቀለም ነው ለሻይ?"

"ለሁለቱም" አሉ ሳይቆጡ። እናቴ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ካየሁ ሰንብቼ ስለነበር ንዴቴን ዋጥኩት።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ጣውላ ብቻ ቀረ። ደማቅ የጡብ ቀለም። "ይሄ ነው" አሉ ጋሼ ቆይ።

"ምን? የጡብ ቀለም? ጨለማ ላይ ጨለማ ሊጨምሩባት ነው? ኧረ በሞቴ!"

"ልጄ፣ እስቲ ደጅ እንውጣና ላስረዳሽ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምንም የሚያስረዱኝ የለም! ሐኪሙ ብርሃን ነው ያለው!" ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ወደ እናቴ አንዴ አየት አደረጉና አንሶላቸውን ጠቀለሉ። የሌላ ሰው ሱቅ ጀምረው ስለነበር እሱን ጨርሰው በሁለተኛው ቀን እንደሚመለሱ ነግረውን ሄዱ። ጣውላዋ ግድግዳው ላይ ቀረች።

እኔ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ? ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ቀለም ስቀባ የምውል ሴት ግድግዳ ያቅተኛል? በማግስቱ ፀጉር ቤቴን ዘጋሁ፣ ነጭ ቀለም ገዛሁ፣ ጣውላዋን ጓሮ ወረወርኩና ከጠዋት እስከ አመሻሽ ኩሽናውን ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። እውነት ለመናገር አማረ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ "እጅሽ ይባረክ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በነጋታው ጠዋት "አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ አፈላለሁ" ብያት ውሃውን ጣድኩ። ስልክ ተደወለና ደጅ ወጣሁ። ስመለስ እናቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ እየቀዳች ነው። የምትቀዳው ግን ከኩባያው አጠገብ፣ ባዶው ሴራሚክ ላይ ነው። የፈላው ውሃ ጠረጴዛውን ሞልቶ በጠርዙ ወደ እግሯ ይወርዳል። ወፍራም ጫማ ባታደርግ ኖሮ እግሯ አልቆላት ነበር። እሷ አልጮኸችም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀስ ብላ "ኩባያው የት ሄደ?" አለች።

ኩባያው እፊቷ ነበር። ነጭ ኩባያ፣ ነጭ ጠረጴዛ ላይ፣ ከነጭ ግድግዳ ፊት።

ጓሮ ሮጥኩና የጡቧን ጣውላ ከነአቧራዋ አምጥቼ ከኩባያው ኋላ አቆምኳት። እናቴ እጇን ዘረጋች፤ ሳትዳብስ፣ አንዴ ሳትስት፣ የኩባያውን ጆሮ ያዘች። ለካ ሽማግሌው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲያዩ የከረሙት ይህንን ነው! ለካ ደጅ እንውጣ ያሉት ስለ ዓይኗ እሷ ፊት ላለማውራት ነው! እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሱቁ ጋ ስደርስ ጋሼ ቆይ መሰላል ላይ ናቸው። "ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ" አልኳቸው ከታች ሆኜ። "ነጭ ቀባሁት።" የፈለጉትን ያህል ቢሰድቡኝ ልቀበል ቆሜያለሁ።

ብሩሻቸውን ቆርቆሮው አፍ ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። "ስንት ጊዜ ደረብሽው?"

"ሁለት።"

"ጎሽ። ለጡብ ቀለም ነጭ ከሥር ሲሆን ጥሩ መደብ ነው። እኔም መጀመሪያ እሱን ነበር የምቀባው።"

እውነታቸውን ይሁን እኔን ላለማሳፈር እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አልጠየቅኳቸውምም። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው እንግዲህ የጮህኩት።

ሦስት ቀን ሠሩ። የግድግዳውንና የጣሪያውን ድንበር ያለ ማስመሪያ፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው በእጃቸው ሲስቡት ቆሜ አየሁ፤ መስመሩ ክር የተወጠረ ይመስላል። የመደርደሪያውን ጠርዝ ቀቡ፣ የበሩን መቃን ቀቡ፣ በመብራት ማብሪያው ዙሪያ ቀጭን ክፈፍ አወጡለት። እናቴ ጓሮ በወጣችበት ሰዓት ነገሩኝ። በወጣትነታቸው የሆስፒታል ክፍል ከላይ እስከ ታች ነጭ ቀብተው ነበር። ሥራው ሲያልቅ አንድ የታመሙ አዛውንት ነጩ ኮመዲኖ ላይ የተቀመጠላቸውን ነጭ ኩባያ ሲፈልጉ አዩ። ኩባያው ክንዳቸው ሥር ሆኖ፣ አዛውንቱ አፍረው ማንንም ሳይጠሩ፣ በውሃ ጥም ተመልሰው ተኙ። "ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ሰውዬውን ነው የማየው" አሉኝ። ያቺን ጣውላ ደግሞ አሳጥረው ቆርጠው ጠረጴዛው ላይ አነጠፏት፤ የኩባያ ማስቀመጫ ሆነች።

እሁድ ደረሰ። ታላቅ ወንድሜ ገና ኩሽናው በር ላይ ሲደርስ "ይሄ ምንድን ነው? ምድጃ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ እኮ!" አለ። እኔ አፌን ለጠብ ከፈትኩ። መሰላላቸውን ሊወስዱ የመጡት ጋሼ ቆይ "ቆይ" አሉኝ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ።

"እማማ፣ ሻይ ይኖራል?"

እናቴ ተነሳች። አራት ኩባያ ከመደርደሪያው አንድ በአንድ አነሳች፣ ጣውላዋ ላይ ደረደረች፣ ቀዳች። ወንድሜ ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። የመጀመሪያውን ለእሱ አቀበለችውና "ስኳር ራስህ ጨምር፣ ልጅ አይደለህም" አለችው።

ወንድሜ ጠጣ። ሁለተኛም አስቀዳ። "ሐኪም ቀየራችሁ እንዴ?" አለ በመጨረሻ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ስለ ማከራየት አንድም ነገር ሳያነሳ ሲወጣ "እማዬ፣ በሚቀጥለው እሁድ ልጆቹን ይዤ ለምሳ ብንመጣ ታበይናለሽ?" አላት። "ምን ትጠይቀኛለህ!" አለችው።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ኩባያዎቹን እያጠብኩ፣ አንጀቴን የበላኝን ነገር ጠየቅኳት። "እማዬ፣ ነጩ እንደማይሆንሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?" አለች፣ ጣውላዋን በጨርቅ እየወለወለች። "ዓይኔ ከደከመ ጀምሮ ሁላችሁም ተቀመጪ ነው የምትሉኝ። ሻይ አፍዪልኝ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ፀጉር ቤቴን ሳልከፍት በእሷ በኩል ዞርኩ። ደንበኞቼ በር ላይ እንደሚቆሙ አውቃለሁ፤ ይቁሙ። በርጩማዋን ስቤ ተቀመጥኩና "እማዬ፣ ሻይ ይኖራል?" አልኳት።