የመስኮቱ ሦስት ቀዳዳዎች

እትዬ ያንን መስኮት የገዛችው የመንገድ ሥራ ካምፑ ሲፈርስ ነው። ሥራቸውን ጨርሰው የሄዱት የውጭ አገር ሰዎች ይኖሩባቸው የነበሩት ተገጣጣሚ ቤቶች ተነቅለው፣ በሩና መስኮቱ፣ አልጋውና መታጠቢያው ለየብቻ ሲሸጥ የሰፈራችን ሴቶች ፍራሽና ድስት ይዘው ተመለሱ። እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ግን በአህያ ጋሪ መስኮት አስጭና መጣች። ፍሬሙ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ሁለት መስታወት ተደራርቦ፣ በመካከላቸው የጣት ውፍረት የሚያህል ባዶ ቦታ ተትቶለታል። ጎረቤቶች መስታወት በመስታወት ላይ ምን ይሠራል ብለው ሳቁባት። «ኩታስ ለምን ድርብ ሆነ?» አለቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቃት የለም።

የጭቃው ግድግዳ በልኩ ተቆርጦ መስኮቱ ገባ። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤት አለ። መስኮቱ ሲዘጋ ወፍጮው ሌላ ሰፈር የሄደ ይመስላል፤ በመጋቢት ሙቀት እንኳ በውስጥ በኩል ያለው መስታወት ለመዳፍ ቀዝቀዝ ይላል። እግሯ እያበጠ ገበያ መዋል ሲያቅታት የቀርከሃ አግዳሚዋን ከመስኮቱ ሥር አስጠጋች፤ ገበያዋንም እዚያው አደረገችው። የማን ባጃጅ እንደተበላሸ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ ያለ ሰላምታ እንዳለፈ፣ የማዶዋ ጎረቤታችን ስንት ቁና በርበሬ እንዳሰጣች ከሥራ ስመለስ ታወራልኛለች። አንድ ቀን እንኳ ስታጋንን ይዣት አላውቅም።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወላጆቻችን ከወሎ ተነሥተው ፓዌ ሲሰፍሩ እኔ ገና ጡት አልተውኩም ነበር ይሉኛል። ሁለቱንም ወባ ወሰደቻቸው፤ እሷ እኔን አዝላ አሶሳ ገባች። ደረቅ ባሚያና ጨው እየቸረቸረች አኖረችኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት ቁመቴ ከአስተማሪዬ ከበለጠ በኋላ ነው፣ ያውም በማታ ትምህርት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ዛሬ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የተገነጠለ መጽሐፍ እጠርዛለሁ፣ ካርድ እጽፋለሁ። እጄ ስሕተት አይወድም፤ ሰው ሲያመሰግነኝም ሲያማኝም በዚህ ነው።

እህቴ ስኳር አለባት። ሆስፒታል የሚነገረንን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ። ከሁሉ አስረግጠው የነገሩን የዓይኗን ነገር ነበር፦ እይታዋን ጭጋግ ከጋረደባት ወይም ጥቁር ነገር ከተንሳፈፈባት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ፤ በጊዜ ከመጣች ዓይኗ ይተርፋል፣ ከዘገየች አይመለስም። ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

በአሶሳ ግንቦት ከመግባቱ በፊት ቤት ይደፈናል። ዝናቡ ሲጀምር ጉንዳኑና ምስጡ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ሰው ስለሚመጣ፣ ሁሉም የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በአመድ ይመርጋል፣ ቋሚውን የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። አንዲት ቀዳዳ የዘነጋ ሰው መስከረም ላይ ሣጥኑን ሲከፍት ልብሱን አፈር ሆኖ ያገኘዋል። እኔ ደግሞ ምስጥ መጽሐፍን ምን እንደሚያደርግ በሥራዬ ያየሁ ሰው ነኝ። በመስኮቱ ፍሬም የታችኛው ጠርዝ፣ በውጭ በኩል፣ ሦስት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ሲሊኮን ገዛሁና ሦስቱንም ደፈንኩ። ትርፉን በምላጭ ላጨሁት። ከሩቅ የሚያይ ሰው ቀዳዳ ነበረ ብሎ አይጠረጥርም።

እትዬ በራፉ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «አንቺ፣ ያንን የበሳ ሰው እጁ ስቶት አይመስለኝም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ሦስቱም እኩል ናቸው።»

ፋብሪካ ውስጥ ለብሎን ብለው በስተው የተዉት መሆን አለበት ብዬ አስረዳኋት። ያነበብኩት ነገር አልነበረም፤ በድምፄ ግን ያነበበ ሰው ነበርኩ። «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብላ ተወችው። ከዚያ በየዓመቱ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ የሳሳውን ሲሊኮን ልጬ አዲስ እሞላ ነበር።

በአራተኛው ክረምት መስኮቱ ጉም ለበሰ። እትዬ «መስኮትሽ አይጠረግም ወይ?» አለችኝ። በውስጥ በኩል ጠረግሁት፣ በውጭ ጠረግሁት። አቼቶ በውሃ በጥብጬ በጋዜጣ ፈተግሁት። ጉሙ አልነካም አለ፤ እጅ በማይደርስበት፣ በሁለቱ መስታወት መካከል ነበር። ጠዋት ከታች ተነሥቶ እስከ ወገቡ ይሸፍነዋል፣ ቀትር ላይ ተንጠባጥቦ ጭረት ጭረት ይሆናል። መንገዱ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። እትዬ ወሬዋ ቀነሰ። ምን አየሽ ስላት «ምን ይታያል በዚህ?» ትለኛለች፤ እኔም እያየሁት ስለሆነ አመንኳት።

በዚያው ነሐሴ ቀጠሮዋ ደረሰና ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም እግሯን አየ፣ ደሟን ለካ፣ ከዚያ እይታዋ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። እትዬ በገበያ ማንም የማይረታት ሴት ነበረች፤ ወንበርና ወረቀት ያለበት ክፍል ስትገባ ግን አንደበቷን ለእኔ ታስረክባለች። ያን ቀንም እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞረችና «ንገሪው» አለችኝ።

እኔም እይታዋ ደህና ነው አልኩት። ያስቸገራት የቤታችን መስኮት መሆኑን ጨመርኩለት። ሦስታችንም ሳቅን። ሐኪሙ በካርዱ ላይ ጻፈ፤ እኔ በደብተሬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያለኝን ትርፍ ጊዜ ሁሉ መስኮቱ ላይ አዋልኩት። መስከረም ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ መስታወቱን ከፍሬሙ ጋር የሚያጣብቀውን ጎማ በአንድ ጥግ ገልጬ፣ የሁለቱን መስታወት ጠርዝ ያጣበቀውን ማስቲሽ በወስፌ በሳሁ። ከአንዲት ፀጉር ሠሪ ጎረቤት ማድረቂያ ተውሼ በቀዳዳው ትኩስ አየር ነፋሁ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ከሥራ ባልደረቦቼ ለምኜ አጠራቅሜ ነበር፤ ከረጢቶቹን በክር አስሬ ከቀዳዳው አጠገብ አንጠለጠልኩ። ይህን ሦስት ቀን ደጋገምኩት። በአራተኛው ቀን መስታወቱ ጠራ። የማዶው የቀርከሃ አጥር አንጓው ሳይቀር ይቆጠር ነበር።

እትዬን ጠርቼ አሳየኋት። አንገቷን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አለችና አሁንም አለበት አለችኝ።

ክርክር አላነሣሁም። ፊቴን ወደ መስታወቱ አስጠግቼ ከጥግ እስከ ጥግ ፈተሽኩት። በታች፣ በግራ ጥግ፣ የጥፍር ያህል ጉም ቀርቶ አገኘሁ። እውነትሽን ነው፣ እዚህ ጋ ቀርቷል አልኳት። ያንን የጥፍር ያህል ጉም ሳገኝ የተሰማኝ ደስታ ነበር። አሁን ያንን ደስታ ሳስታውስ ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ።

ሳምንት ሳይሞላው ጉሙ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። እሷም ነገሩን ማንሣት ተወች። ሰው ሰላም ሲላት በድምፁ እየለየች ትመልሳለች፤ እኔ ግን የመስኮቱ ነገር ሰልችቷት ነው አልኩ። ሻይ ስሰጣት ብርጭቆውን ሳይሆን እጄን ትፈልጋለች። ይህንንም እጇ እየደነዘዘ ነው ብዬ በደብተሬ ጻፍኩት፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ።

ጥቅምት ላይ ከገበያው በታች አሉሚኒየምና መስታወት የሚሠራውን ሰውዬ አመጣሁት። የአሶሳ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛውን በሥራ የለመደ፣ ወንዱንና ሴቱን እየቀላቀለ የሚናገር ጨዋታ አዋቂ። መስኮቱን ከላይ አልጀመረም። በርከክ ብሎ ጣቱን በታችኛው ጠርዝ ላይ አሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ማን እንደዘጋው ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት።

«ወላሂ በጣም ጥሩ ዘግተሃል፣ እህቴ» አለኝ። «እኔም እንዲህ አልችልም። ግን ይሄ መስኮት አሁን ውሃ ይጠጣል፣ ሽንት ቤት የለውም።»

እትዬ ከአግዳሚዋ ላይ ሆና ሳቀች። እሱ በቢላዋ ጫፍ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሲከፍተው ቡናማ ውሃ እየሸተተ ወረደ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። እንደ አሶሳ ያለ በነፋስ የሚገፋ ዝናብ በጎማው አልፎ ወደ ፍሬሙ መግባቱ እንደማይቀር፣ የገባውም በእነዚያ ቀዳዳዎች እንዲወጣ መሠራቱን አስረዳኝ። እኔ መውጫውን ስዘጋው ውሃው ክረምት ከበጋ ከመስታወቱ እግር ሥር ተኝቶ ማስቲሹን አበስብሶታል፤ በበሰበሰው በኩል እርጥበቱ ወደ መሐል ገብቷል። ጉሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«ሦስቱም እኩል ናቸው ብዬሽ ነበር» አለች እትዬ። የቆጡትን ልጅ እንደሚያባብሉ ሆና ደግሞ «አብሽሪ፣ መስታወት ነው» አለችኝ። አፈርኩ፣ ግን ቀለለኝም። ጥፋቱ ተገኝቷል፣ የእኔ ነው፣ የሚስተካከል ነው። ሰውዬው ማሰሪያ ጠርዞቹን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ድርቡን መስታወት በሁለት ክንዱ አቅፎ አወጣና በግድግዳው በኩል ዞሮ ግቢያችን ካለው የማንጎ ግንድ ጋር አስደገፈው።

መብራት ስለጠፋ ወፍጮው ቆሟል። ነፋስም አልነበረም። በባዶው ፍሬም ውስጥ መንገዱ እንዳለ ገባ፤ ቀይ አፈሩ፣ አጥሩ፣ የቆመ ባጃጅ። የማዶዋ ጎረቤታችን በርበሬዋን እያገላበጠች ነበር። ቀና ብላ እህቴን አየችና እጇን አነሣች። እህቴ ፊቷን ወደዚያው አድርጋ ተቀምጣለች፤ እጇን አላነሣችም። ሴትዮዋ ደገመች። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

እትዬ «መቼ ነው የሚያወጣው?» አለች።

ሰውዬው እኔን አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። እትዬ እጇን ዘርግታ መስታወቱን ፈለገች። ጣቶቿ ጠርዙን አገኙ፣ በጠርዙ ላይ ሄዱ፣ ከዚያ ወደ ፊት ገፋች። ክንዷ እስከ ክርኑ ወደ ውጭ ወጣ። እዚያው አቆየችው። ጣቶቿን አንዴ ከፈት ከደን አደረገቻቸውና መለሰቻቸው፣ ጉልበቷ ላይም አስቀመጠቻቸው።

በማግስቱ ሆስፒታል ነበርን፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ሌላ ከተማ ሄድን። ዓይኗን ያየው ሐኪም በውስጡ ደም መፍሰሱን፣ ቀኙ እንዳበቃለት፣ ግራው ብርሃንና ጥላ ከመለየት እንደማያልፍ ነገረን። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀ። ልመልስ አፌን ስከፍት እትዬ ክንዴን ያዘችኝ። «ከሐምሌ» አለችው።

ነሐሴ ላይ አይቷት የነበረው ሐኪም ምን ብሎ እንደነበር ጠየቀን። ደብተሬን አወጣሁና ሳልከፍተው መልሼ ከተትኩት።

ሰውዬው በመስኮቱ ላይ ነጠላ መስታወት ገጠመልን። ወፍጮው ቤታችን ውስጥ ገብቷል፤ ዝናብ ሲመጣ ሁለት ሰው ተቀምጦ መነጋገር አይችልም። ድርብ እናስመጣ ስላት ለማን ብላ መለሰችልኝ። አግዳሚዋ ካለበት አልተነሣም። አሁን ሐኪም ሲጠይቃት የምትመልሰው ራሷ ናት፤ እኔ በር ላይ እቆማለሁ።

ደብተሩን አልጣልኩትም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ፣ ድንገት ያን ቀን የጻፍሽውን አንብቢልኝ አለችኝ። አውጥቼ አነበብኩላት፦ የደሟን የስኳር መጠን፣ የእግሯን፣ ከዚያም እይታዋ ደህና የሚለውን። ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ሦስት ገጽ ቀድሞ ነው ያለው፤ እሱን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነበብኩላት።

«ንገሪው ያልኩሽ እኮ እኔ ነኝ» አለች። ቀጥላም «ግን መጀመሪያ ብትጠይቂኝ ኖሮ» አለች።

ዘንድሮ ግንቦት ሊገባ ሲል ስንጥቁን መረግሁ፣ ቋሚውን ዘይት ቀባሁ። ወደ መስኮቱ ስደርስ እትዬ አስወጪኝ አለችኝ። እጇን ይዤ አወጣኋት። ጎንበስ ብላ በታችኛው ጠርዝ ላይ ጣቷን አሄደች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በመጥረጊያ ስንጥር ጠራርጌያቸዋለሁ፤ አንድ ኩባያ ውሃ ከፍሬሙ ውስጥ ሳፈስ በሦስቱም ወጣ። ውሃው እጇን ሲያረጥበው ራሷን ነቀነቀች።

በቀዳዳዎቹ ጉንዳን ይገባል። በየማለዳው እሷ ሳትነሣ እጠርገዋለሁ።